ያልተሰነጠቀው ፒፓ፦ የአቶ መሸሻ አንጁሎ የሕይወት ታሪክ

አቶ መሸሻ አንጁሎ ከአባታቸው ከአቶ አንጁሎ ሶርሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጋቴ ቡሼ በ1947 ዓ.ም. በወላይታ፣ አረካ አካባቢ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ተምረው በ1963 ዓ.ም. አጎታቸውን ተከትለው አዲስ አበባ መጡ። በአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት በተላላኪነት ተቀጥረው አናጢነትን ለመዱ፤ አርባ አራት ዓመት አገልግለውም በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ1975 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰርኬ ጋር ትዳር መሥርተው፣ ቀራንዮ በገዛ እጃቸው በሠሩት ቤት ሁለት ልጆች አሳድገዋል።

አቶ መሸሻ አጭሰው አያውቁም። ሆኖም በ2010 ዓ.ም. የጎረቤታቸው የአቶ ወዬሳ የዘመናት ፒፓ ተሰብሮ ሽማግሌው ሲተክዙ ቢያዩ፣ ‹‹ግድ የለም ጋሼ፣ እኔ እሠራልዎታለሁ›› ብለው ቃል ገቡ። በርና ቁም ሣጥን ለሠራ እጅ ቀላል መስሏቸው ነበር። ከወይራ ጉማጅ የጠረቡት የመጀመሪያው፣ የጭሱ ቀዳዳ ትንባሆ መክተቻው ጋ ሳይደርስ በጎን ወጣ። ሁለተኛው አንገቱ ላይ ተቀነጠሰ። ስድስት አበላሹ። ‹‹በስተርጅና አንደኛ ክፍል ገባሁ›› እያሉ ይስቁ ነበር። ሰባተኛው ቀናቸው። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ በማግሥቱ ሊሰጡ መስኮቱ ላይ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጡት።

ይህን የጻፈችው ልጃቸው ማኑሄ ግን ታፍርባቸው ነበር። የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ስለነበረች፣ ከአባቷ ቤት የትንባሆ ዕቃ መገኘቱ አሳቀቃት። ኅዳር 2011 ዓ.ም. እሷን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች በሚመጡበት ዕለት፣ ፒፓዎቹን ሰብስባ ወጥ በተጣደበት እሳት ውስጥ ጨመረቻቸው።

አባቷ ደረሱ።

‹‹ሁሉንም?›› አሏት።

‹‹አዎ፣ ሁሉንም።››

‹‹የነገውንም?››

እሷ ወጡን አማሰለች። እሳቸውም እጃቸውን ታጥበው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሽማግሌዎቹን በፈገግታ ተቀበሉ። በማግሥቱ ለአቶ ወዬሳ ‹‹መጨረሻው ላይ ተሰነጠቀብኝ›› አሏቸው። ወሬው እድርተኛው ጋ ደረሰ። ‹‹አናጢው ፒፓ አቃተው›› ተብሎ ሲቀለድባቸው አብረው ሳቁ። ሌላ ግን አልሞከሩም።

በ2016 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጣላቸው። ማኑሄ አልጋቸው ሥር ተቀምጣ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ልትጠይቅ ጀመረች። ሦስቱንም ጊዜ ጠያቂ ገባ፤ ጠያቂ በገባ ቁጥር እሷ እፎይ አለች። አቶ መሸሻ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ ከለቀስተኛው መካከል የተቀመጡት አቶ ወዬሳ ይህን ይስሙልን፦ ፒፓው አልተሰነጠቀም። አባቷ ነፍተው አሳይተዋታል፤ ትንፋሹ ሳይደናቀፍ ያልፍ ነበር። ያቃጠለችው ማኑሄ ናት።

አቶ መሸሻ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሰርኬን፣ ልጆቻቸውን ማኑሄንና ወንድይፍራውን፣ የልጅ ልጃቸውን ሄቨንንም ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም ሰው በሕይወት ሳለ ‹‹በድዬሃለሁ›› የሚል አንደበት ይስጠን። አሜን።