የይበልጣል ጀልባ ምርቃት

ማክሰኞ

አባባ እንደገና አልሄድም አሉ። ትናንት እሄዳለሁ ብለው ከእማዬ ጋር ከሉማሜ እዚህ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት ድረስ መጥተው፣ ጋቢያቸው ታጥቦ፣ ዱቄቱ ተቦክቶ፣ ዛሬ ጠዋት ጉልበቴን አመመኝ አሉ። ሰበብ ነው። ለቅዳሴ ሲሆን እንደ ብረት የሚቆም ጉልበት ነው።

ነገሩ ይህ ነው። ወንድሜ ይበልጣል ባሕር ዳር ነው የሚኖረው፤ ጣና ላይ ሰው በጀልባ እያዞረ። እስካሁን በሰው ጀልባ ነበር፤ አሁን የራሱን ገዛ። አባባ መጥተው ካልባረኳት ሰው አልጭንባትም ብሎ ዳር አስሯት ተቀምጧል። እሱም ግትር፣ እሳቸውም ግትር።

ይበልጣል ዲያቆን ነበር። ቅኔ ቤቱን ጥሎ ከሄደ ወዲህ አባባ አንድም ቀን አልተቆጡትም፤ ስለ ሥራውም አንድም ቀን አልጠየቁትም። ለበዓል ሲመጣ ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ያወራሉ። ቢቆጡት ይሻለኝ ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ጤፍ ነው።

ረቡዕ

እሺ አሉ! ማን እንዳሳመናቸው አላውቅም። እማዬን ጠየቅኋት፤ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብላ ዳቦዋን ልትደፋ ሄደች። እሷው ናት።

የምንይዘው፦ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል (በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፣ ተመስገን)፣ የልጄ የሶስና ሹራብ፣ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ። አባባ ጠርሙሱን አዩና፣ ውሃ ላይ ለምትኖር ዕቃ ከዚህ ድረስ ውሃ ተሸክሜ ልሂድ? አሉ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ወይም እኔ ስለፈለግሁት ይሆናል።

ባለቤቴ ሥራ አለበት፣ አይመጣም። እኔ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ አግኝቻለሁ። መንገዱ ሰላም ነው ብለዋል ሾፌሮቹ። ነገ በጠዋት መናኸሪያ።

ሐሙስ

ባሕር ዳር ነን። እማዬ መንገዱን ሙሉ ሎሚ እያሸተተች መጣች። ሶስና ሐይቁን ገና ከሩቅ ስታይ፣ ማዶው የታለ? ብላ ጠየቀች፤ አባባም አንገታቸውን አስግገው ማዶውን ፈለጉት።

ይበልጣል መናኸሪያ ቆሞ ሲጠብቀን ነበር። መስቀል ተሳለመ፣ ጉልበት ሳመ። አባባ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ዝናብ ጣለ ወይ እዚህ። ገና ነው አባባ አላቸው።

ማታ በረንዳ ላይ፣ «እታለም፣ ይባርኩልኛል?» አለኝ። ጸበሉን ይዘው መጥተው የለ ወይ አልኩት።

«ጸበሉንማ ይረጫሉ። እሱን አይደለም የምልሽ።»

ገባኝ። ከልባቸው እንዲሆን ነው የሚፈልገው። ይሆን እንደሆነ ራሴም አላውቅም።

ዓርብ

ፊቴን ፀሐይ ልጦታል፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነው። ዛሬን ግን ሳልጽፍ አልተኛም።

ጠዋት ይበልጣል ለአባባ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬት በጋቢያቸው ላይ አሰረላቸው። ከላይ ጥምጣም፣ ከታች ብርቱካን የመሰለ ጃኬት፣ በእጃቸው መስቀል። እማዬ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ የመቀመጫ ነገር መጣ። ይበልጣል ቀስ ብሎ፣ መሃል ይሻላል አለ። እማዬ ተቆጣች፤ ካህን አባትህን መሃል ላይ እንደ ጆንያ ልታስቀምጣቸው ነው? አለችው። እናም ፊት ላይ፣ የክብር ቦታ አስቀመጥናቸው። እኛም ከሳቸው ርቆ መቀመጥ ነውር መስሎን እሥራቸው ተኮለኮልን። እሱ ብቻውን ኋላ ሞተሩ ጋ ቀረ። ጀልባዋ በፊቷ ደፋ ብላ ነበር የምትሄደው። አይቶታል። ግን አባቱን ተነሡ ይበል? ዝም ብሎ ነዳ።

ሊያሳየን የፈለገው አንድ ጸጥ ያለ ቦታ አለ። ግንቦት ላይ ሐይቁ ሲጎድል ከውሃው መሃል አሸዋ ብቅ ይላል፤ ከወፍ በቀር ማንም የለበትም። ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ጀልባዋ ከሥር ገጭ አለችና ፊቷ አሸዋ ላይ ተቀርቅሮ ቆመች። ሶስና ጮኸች። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ይበልጣል ሞተሩን አጥፍቶ ዘሎ ወረደ፤ ውሃው ከጉልበቱ አያልፍም። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ወረድኩ፣ እማዬም ሶስናን አቅፋ ወረደች። ገፋን። ወይ ፍንክች! ክብደቱ የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ካህኑን ይነሡልን የሚል ደፋር ግን አልተገኘም፤ ሁላችንም ወፎቹን እናያለን።

በመጨረሻ አባባ ዓይናቸውን ገለጡ።

«የያዝኳት እኔ ነኝ። ለምን አትነግረኝም?»

«እርስዎን ተነሡ ብዬ እንዴት ላዝዝ፣ አባባ?»

«ቤተ መቅደስ ብንሆን አታዝዘኝም። እዚህ ግን ባለቤቱ አንተ ነህ። እዘዘኝ።»

ይበልጣል ፊቱን በእርጥብ እጁ ጠረገ። «እንግዲያስ ወደ ኋላ ይሂዱ፤ ጎንበስ ብለው፣ ጠርዙን ይዘው» አላቸው። አባባ እንዳላቸው አደረጉ። ጎንበስ ብለው፣ ጠርዙን ይዘው፣ እንደ ተማሪ። ኋላ ሲቀመጡ የጀልባዋ ፊት ብድግ አለ፤ አንዴ ብንገፋት ወጣች።

አሸዋው ዳር አስረናት አባባ ባረኳት። ጸበሉን ረጩ፤ ጸሎቱ እንደ ሁልጊዜው ረዘመ። መጨረሻው ላይ፣ ባለቤቷን ልጅህን ኃይለ ሚካኤልን በወጣበት ሁሉ ጠብቀው አሉ። ኃይለ ሚካኤል የይበልጣል የክርስትና ስሙ ነው። ቅኔ ቤቱን ከለቀቀ ወዲህ ከአባባ አፍ ሰምቼው አላውቅም። እሱ አንገቱን እንደደፋ ቀረ። እኔ አለቀስኩ። እማዬ ዳቦ አስያዘችኝ፤ የሷ መድኃኒት ለሁሉም ዳቦ ነው።

ስንመለስ አባባ ከሞተሩ ጎን ተቀመጡ። ይሄ ምንድን ነው፣ ያኛውስ? እያሉ ሲጠይቁት እሰማ ነበር። የክብር ቦታውን እማዬ ወረሰችው።

ቅዳሜ

ደብረ ማርቆስ ገባን። ሁሉም ደክሞታል። አባባ መንገዱን ሙሉ ተኙ፤ ሲነቁም ስለ ጀልባዋ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጎረቤት መጥታ ባሕር ዳር እንዴት ነበር ብትላቸው፣ ሞቃት ነው አሏት። ሞቃት! የትናንቱ እዚያው አሸዋው ላይ ቀርቶ ይሆን? ይበልጣል ሲመጣ እንደገና ስለ ጤፍ ሊያወሩ ነው? እማዬ ሰው እንደ ግድግዳ በአንድ ቀን አይለቀለቅም፣ አትቸኩይ አለችኝ። እኔ ግን ቸኩያለሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ምሳ እየበላን ነፋስ ተነሣ። የግቢያችን ባሕር ዛፍ ጎንበስ ቀና ይላል፣ የጓሮው ቆርቆሮ ይንኳኳል። አባባ ጉርሻቸውን ይዘው በመስኮት አዩ፣ አዩና ለወንድምሽ ደውይልኝ አሉ። በሕይወታቸው ደውይልኝ ብለው አያውቁም። እሱ ነበር የሚደውለው።

ሰላምታም አላስቀደሙ። «እዚያስ ነፋስ አለ?» አሉት። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። «እንግዲያስ ከሰዓት በኋላ እንዳትወጣ» አሉ፤ ልክ ሐይቅ ዳር ተወልደው እንዳደጉ ሰው። እሺ አባባ ሲል ሰማሁት።

ከዚያ የሚሉት አለቀ። ግን ማናቸውም ስልኩን አልዘጉም። አባባ ጆሯቸው ላይ እንደያዙት ዛፉን ያያሉ፤ ከወዲያ ነፋሱ ይሰማል። እኔም ካርዱ ያልቃል አላልኩም።