የዋጋዬ ቀኝ ዓይን

ለወንድምዓለም ሽባባው፣

እንዴት ከርመሃል? የሁመራው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ከሰሊጡ አጨዳ ወዲህ እጅህ አረፈ? ጤናህስ? የዛሬው ጥያቄዬ ለወጉ አይደለም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። ያልደወልኩልህ ድምፅህን ስሰማ እንዳልለዝብ ብዬ ነው።

የሚስትህ የዋጋዬ ቀኝ ዓይን ጠፍቷል። ጥቅምት ማለቂያ ላይ ግንባሯን እንደ እሳት ይለበልባት ጀመር። ቀጥሎ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ከፀጉሯ ሥር ተነስቶ እስከ ቅንድቧና አፍንጫዋ ወረደ። አልማዝ ባለጭራ ነው አሉን። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት እምቢ አለች። ለካ ደውላልህ ኖሮ ቅጠል ይታሰርልሽ፣ እስክመጣ ታገሺ ብለሃታል። እሷም ቃልህን አክብራ ሻሿን ዓይኗ ላይ ጎትታ ተቀመጠች።

ዓይኗ አብጦ አልገለጥ ሲላት ማንንም ሳልጠይቅ ደግፌ የዳንግላ ሚኒባስ ላይ አወጣኋት። የቆሰበርን ከተማ እንደለቀቅን ጆሮዬ ላይ ተደፍታ ሁሉንም ነገረችኝ። አንተ ቫይረሱ በደምህ ተገኝቶ መድኃኒት ከጀመርክ ቆይተሃል። ለፋሲካ መጥተህ ነግረሃታል፤ እዚህ ዘመድ ስለሚያይሽ እንዳትመረመሪ፣ እኔው ባሕር ዳር እወስድሻለሁ ብለህም አስምለሃታል።

ሐኪሙ ሽፍታው ብሌኗ ላይ ጠባሳ እንደጣለ ነገረን። ደሟም ሲመረመር ቫይረሱ ተገኘባት፤ በሽታው የበረታባት አቅሟን ስላዳከመው ነው አለን። «ሽፍታው እንደወጣ ብትመጣ ኖሮ ዓይኗን ማትረፍ ይቻል ነበር» አለኝ።

ስምህ እንዳይነሳ ብለህ ሰው አሳወርክ። አንተ ኪኒንህን እየዋጥክ ለእሷ ቅጠል አዘዝክላት። ይህን ያደረገው ባዳ ቢሆን ሽማግሌ ፊት አቆመው ነበር፤ የእናቴ ልጅ ሆንክና ንዴቴ መውጫ አጣ።

አሁን መድኃኒቷን ጀምራለች። ግራ ዓይኗ ደህና ነው፤ በየጊዜው ይታይ ተብሏል። ለማኅበርተኞቿ ያለውን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ከቤታችን እግሯን ያነሳች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ጎረቤታችን ነጋ በሬዎቹን ይዞ መጥቶ ገብሷን ወቃላት። አንተም ዓይንህን ብዥ ካለህ ወይም ጥቁር ነገር ውል ካለብህ ሳትውል ሳታድር ታይ። ብናደድም መታወርህን አልሻም።

እናታችን ስምህ ሲነሳ ተነስታ ትወጣለች፤ ሰላም በይልኝ ያለችኝ ግን እሷው ናት። ባለቤቴ አወቀም ሰላም ብሎሃል። ልጅህ ትዕግስት አባዬን ሳሚልኝ ብላለች፤ ገበያ ስንወጣ በእናቷ ቀኝ በኩል የምትሄደው እሷ ናት። ዋጋዬ ሰላምታ አልላከችም። ይህን ብቻ አለች፦ «ሲመጣ በግራዬ በኩል ይግባ፤ ፊቱን እያየሁ የምጠይቀው አለኝ።»

እህትህ ስሜነሽ
እንጅባራ፣ ጥር 18 ቀን 2008 ዓ.ም.