ያልተቆጠረው ቬልቾ

ጥቅምት 3
ዝናብ የለም። ድንች አወጣሁ፣ ጆንያ ተኩል። ወገቤ... ይሁን። የቤቴ በር ላይ የለጠፍኩት የሚስቴ የዝላትካ የመርዶ ወረቀት ደብዝዟል፣ ፎቶው ላይ አፍንጫዋ አይታይም። በየዓመቱ መለወጥ አለበት፣ ሰዉ ሁሉ ይለውጣል። ይህ ደብተር የሷ ነበር፣ ስለ ዶሮዎቿ ትጽፍበት ነበር። አሁን የኔ ነው። ፊደሌ ይንጋደዳል። ማን ሊያነበው?

ጥቅምት 7
ከንቲባው ፔንዮ አንዲት ሴት ይዞ መጣ፣ ከሶፊያ። ሬኔታ ትባላለች። ሥራዋ የየአገሩ ሰው ስንት ዓመት እንደሚኖር፣ ስንት ሕፃን ዓመት ሳይሞላው እንደሚሞት መቁጠር ነው። የድሮውንም የዛሬውንም። ኮምፒውተሯ ላይ መስመሮች አሳየችኝ።
«የኛ የቱ ነው?»
«ይሄ ከታች ያለው፣ አባባ።»
«ከላይ ያለውስ?»
«ጃፓን።»
«ጃፓን ሩቅ ነው። ግሪኮችን እንበልጣለን?»
«አንበልጥም።»
«ሰርቦችን?»
«በጥቂት ይበልጡናል።»
ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም።
በሕፃናት ግን ተሻሽለናል አለች። እኔ ስወለድ ከሰባቱ አንዱ ይሞት ነበር፣ ዛሬ ከሁለት መቶ አንድ።
የኛ መንደር ሰው ዕድሜው ረጅም ነው ተባለ። ፔንዮ መግቢያው ላይ ሰሌዳ ሊያቆም ነው፣ የአንጋፋው ሰው ፎቶ ያለበት። በመዝገብ አንጋፋው እኔ ነኝ። ሰማንያ ዘጠኝ። ቀጥሎ ጓደኛዬ ጋንቾ፣ ሰማንያ ስምንት።

ጥቅምት 8
ዳይስ እየጣልን ታብላ ስንጫወት ለጋንቾ ነገርኩት። «አንተን ከሚያቆሙ አህያዬን ያቁሙ፣ ጥርሷ አላለቀም» አለ። ሰባ ዓመት በታብላ ሲያሸንፈኝ ኖሯል። ዛሬም አሸነፈኝ። ግድ አልሰጠኝም።

ጥቅምት 15
ፎቶ ተነሳሁ። በሠርጌ ኮት። አሁንም ይቆለፋል።

ጥቅምት 19
ሬኔታ የድሮውን መዝገብ አገላብጣ ጨረሰች። «በ1931 እዚህ መንደር አንድም ሕፃን አልሞተም» አለች። «ዜሮ። የዚያን ጊዜ ስዊዘርላንድ እንኳ እንዲህ አልነበረችም።» ፔንዮ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ አለ።
ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ?

ጥቅምት 21
እዚህ ልጻፈው።
ከኔ በፊት ሌላ ቬልቾ ነበር። ወንድሜ። የአያታችንን ስም ሰጡት። 1931፣ በጥር፣ ሳል ገደለው። ስምንት ወሩ ነበር። መዝገብ ቤቱ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ በረዶ ነበር፣ ማንም ሄዶ መሞቱን አልተናገረም። በ1933 እኔ መጣሁ። የአያት ስም ለልጅ መውጣት አለበት። አባቴ «ስሙም አለ፣ የልደት ወረቀቱም አለ፣ ምን ያስኬደኛል?» አለ። አልሄደም።
በወንድሜ ወረቀት ኖርኩ። በአራት ዓመቴ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። ምንም አልገባኝም፣ አስተማሪው ደደብ አለኝ፣ በሁለት ዓመት ወጣሁ። ጢሜ ሳይበቅል ወታደር ሆንኩ። ይህን የምታውቀው ዝላትካ ብቻ ነበረች።
ዕድሜዬ ሰማንያ ስድስት ነው።
በሙታን ቅዳሜ እናቴ መቃብሩ ላይ ንፍሮ ታስቀምጥ ነበር። «ይሄ ለቬልቾ» ትላለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ አነሳና እበላለሁ።

ጥቅምት 22
ከተናገርኩ ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ጋንቾ ነው። ጋንቾ...

ጥቅምት 24
ሬኔታ ነገ ትሄዳለች። ዝም ካልኩ ዜሮዋን ይዛ ትሄዳለች። እኔ ስሞት ደግሞ ወንድሜ ዘጠና ዓመት ኖሮ ሞተ ይባላል። ስምንት ወር የኖረ ልጅ።

ጥቅምት 25
ነገርኳት። «ያንን ዜሮ ሰርዢው ልጄ። አንድ አለ።»
ሁሉን ሰማች። «እርስዎ ታዲያ ማን ነዎት?»
«ቬልቾ ነኝ። ከኔ ላይ ሦስት ዓመት ቀንሺ።»
ፔንዮ ራሱን ያዘ። «አባባ፣ ሰሌዳው ታትሟል እኮ!»
«ጋንቾ ፎቶ ይነሳና እንደገና አሳትም።»
የሠርግ ኮቴን ግን አላውሰውም።
ሬኔታ ስትወጣ ወንድሜ በየትኛው ወር እንደሞተ እንደገና ጠየቀችኝ። ጻፈችው። አየሁ፣ ጻፈችው።

ህዳር 1
ከተማ ወርጄ የመርዶ ወረቀት አሳተምኩ። የማተሚያ ቤቷ ልጅ ፎቶ አምጣ አለች። የለም አልኳት። የዝላትካንም አሳደስኩ። ማታ ሁለቱንም የቤቴ በር ላይ ለጠፍኩ። «ቬልቾ ራይኮቭ። ያለ እሱ ሰማንያ ስምንት ዓመት። በስምንት ወሩ ያረፈ።»

ህዳር 2፣ የሙታን ቅዳሜ
ሰው ስሙን ብቻ ነው የሚያነበው። በጠዋት ሦስት ሴቶች ለልቅሶ ሻማና ንፍሮ ይዘው መጡ። ከኋላቸው ጋንቾ፣ ያለ ባርኔጣ፣ ያለ ከዘራ። ዓይኑ ቀልቷል። እኔ በረንዳ ላይ አጨሳለሁ።
«ወረቀቱን እስከ መጨረሻ አንብበው» አልኩት።
ተመልሶ አነበበ። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሁሉን ነገርኩት።
«ታዲያ እበልጥሃለሁ» አለ።
«በሁለት ዓመት።»
«እንግዲህ ስመጣ ብድግ በል።»
አልተነሳሁም።
ሴቶቹ ንፍሮውን መልሰው ሊወስዱ አፈሩ፣ ተቀበልኳቸው። ከጋንቾ ጋር መቃብር ወጣን። ዝላትካ ጋ ሻማ አበራሁ። ከዚያ ትንሿ ድንጋይ ላይ የንፍሮውን ሳህን አስቀመጥኩ። ይሄ ለቬልቾ አልኩ።
ዘንድሮ አልበላሁለትም።