ልባስ ያለው ብሎን

ዓርብ፣ ጥቅምት 13

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የአባትሽ ጉልበት እንደ ልማዱ ሲያሻው ያመዋል፣ ሲያሻው ይተወዋል። እኔም የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ከርሜ ሰማያዊ ጨርቅ በሕልሜ ሳይቀር ይመጣብኛል።

ስለ ጥርሴ በጠየቅሽኝ ቁጥር «ደህና ነው» እያልኩ አልፌሻለሁ። ዛሬ ግን ፍርሃቴን ብቻዬን መያዝ አቃተኝ። የጥርስ ሐኪሙ ታች መንጋጋዬ ላይ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ብሎን ቀብሮልኝ ነበር፤ አጥንቱ ሲይዛቸው ጥርስ ሊያስርባቸው። የግራው ባዶ ብረት ነው። በቀኝ በኩል አጥንትዎ ሳሳ ብሏል ብሎ ልባስ ያለው አደረገልኝ። ልባሱ ከአጥንት ጋር ስለሚመሳሰል አጥንት የራሱ መስሎት ቶሎ ይጠጋዋል፣ ባዶውን ግን ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው አለኝ። ይህን ሁሉ የሚያወራው አፌን በመሣሪያ ሞልቶ ነው፤ ከዚያ ደግሞ «ገባዎት?» ይለኛል።

እኔ የሰጋሁት ለግራው ነበር። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ክር በግራ ጥርሴ ካልበጠስኩ የሰፋሁ አይመስለኝም። ተከልክዬም ረስቼ ብሎኑ ላይ ነክሼ ጎተትኩ። አባትሽ ይህን ያየ ዕለት መቀሱን በገመድ አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝ፤ ደንበኞቼ ይስቁብኛል። ቀኙን ግን እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት። ቀዝቃዛ ውሃ እንኳ አላሳለፍኩበትም።

ትናንት ሄድኩ። ሐኪሙ በመሣሪያው እጀታ ግራውን መታ መታ ሲያደርገው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። አጥንቱ ግጥም አድርጎ ይዞታል። ቀኙን ሲመታው ግን ድምፁ ታፈነ፤ በጣቱ ሲነካውም ተነቃነቀ። ያ ወሬኛ ሰውዬ «ገባዎት?» እንኳ ሳይለኝ መሣሪያውን አስቀመጠ። ራጅ አንስቶኝ ምስሉን ሲያይ ቆየና፣

«ልባሱ አጥንቱን ይጠራል እንጂ መጥቶ የሚይዘው አጥንቱ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልመጣም?»

«እሱን ነው ማወቅ ያለብን።»

ብሎኑን አወጣው፤ ከሥሩም ትንሽ አጥንት ወስዶ ለምርመራ ላከ። ምንም ላይሆን ይችላል ብሏል። ምንም ካልሆነ ለምን እስከ ውጭው በር ድረስ ሸኘኝ? ከዚህ በፊት ከወንበሩ ተነስቶልኝ አያውቅም። ለአባትሽ ብሎኑ ላላ ብቻ ነው ያልኩት፤ አንቺም እንዳትነግሪው። ፈርቻለሁ ልጄ። ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ጎረቤቴን ቁልፍ ሻጯን ጠራሁ። ምላሴም ያን ክፍት ቦታ ሲዳስስ ይውላል።

ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። የሙሽራ ልብስሽን በመጪው ዓመት ስትመጪ ልለካሽ ነበር ቀጠሯችን። ልካቸውን በስልክ ሊነግሩኝ የሚፈልጉትን ሁሉ «ሰውየውን ሳላይ ጨርቅ አልቆርጥም» ብዬ ስመልስ እያየሽ ነው ያደግሽው። አሁን ግን ጓደኛሽ ትለካሽና ደረትሽን፣ ወገብሽን፣ ከትከሻሽ እስከ እግርሽ ያለውን ቶሎ ላኪልኝ። ጨርቁን ዛሬ ጠዋት ገዝቻለሁ።

ክፉ ነገር በደጅሽ አይለፍ። የምትረግጪው መሬት ይጥናልሽ፣ እንደወጣሽ በጤና ይመልስሽ።

የምትወድሽ እናትሽ

ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ እተውልሻለሁ። ብትወፍሪ የትኛውም ልብስ ሰፊ ትርፉን ሊለቅልሽ ይችላል።