አቮካዶ በመብላቴ ስለ ተገመገምኩ የቀረበ ምስጋና

ለጽሕፈት ቤታችን ክቡር ኃላፊ
ቦንጋ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልብዎ ሳይደክም፣ የደም ሥርዎ ሳይጠብ ፈጣሪ ለብዙ ስብሰባ እንዲያቆይዎ እየተመኘሁ፣ ስለ ዋሉልኝ ውለታ በአደባባይ ላመሰግንዎ ይህን ጽፌያለሁ።

1ኛ. አምና ሐኪም ደሜን መርምሮ ኮሌስትሮሌ ከልክ ማለፉን ሲነግረኝ፣ ታላቅ ወንድሜ በጎልማሳነቱ ደረቱን እንደያዘ ወድቆ መቅረቱን አስታውሼ ደነገጥኩ። ቅቤና ጮማ ትቼ በምትኩ አቮካዶ እንድበላ ሲመክረኝም እሺ አልኩ። ጥፋቴ እርስዎን አለማስፈቀዴ ነው።

2ኛ. ዕቅዳችን መቶ በመቶ ተከናወነ ተብሎ በሬ በታረደ ዕለት፣ ጥግ ይዤ አቮካዶዬን በሎሚና በሚጥሚጣ ለውሼ በቆጮ ስበላ፣ ቢላዎን እንደጨበጡ መጥተው «አቶ ቢሻው፣ ማዕዳችንን ናቁት እንዴ?» ብለው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ሐኪም አዞኝ ነው ብልዎ «ሐኪም በመዋቅራችን ውስጥ የለም» አሉኝ። እውነት ነው፣ የለም።

3ኛ. በግምገማው «ራሱን ከብዙኃኑ ይለያል» ተብዬ ግለ ሂስ እንዳደርግ ሲወሰን፣ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ባፈና «ኧረ ሰውዬው ታሟል!» ብትል፣ እርስዎ «በሽታም አቋም ሊሆን ይችላል» ብለው በትዕግሥት አስተማሯት። እኔም የልጆቼን እንጀራ አስቤ ፈራሁ። ግለ ሂሴን አደረግሁ፤ በሚቀጥለውም ድግስ በእጅዎ ቆርጠው ያጎረሱኝን ጮማ ዋጥኩ። ባለቤቴ ዘርትሁን ይህን ስትሰማ እያለቀሰች «ወንድምህን ቀበርን፤ ደግሞ አንተን አለቃህ ደስ እንዲለው ልቅበርህ?» አለችኝ።

በማግስቱ ቢሮዎ ገብቼ ከእንግዲህ ጮማ እንደማልበላ፣ ግለ ሂሴንም እንዳነሳሁ የነገርኩዎ ስለዚህ ነው። እርስዎም በደግነትዎ እንዳልሰሙ አለፉት።

4ኛ. በዚያው ሳምንት «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ ዋጫ ስላዛወሩኝ ምን ብዬ ላመስግንዎ? ጎረቤቶቼ እንግዳ ነህ ብለው ከየጓሯቸው አቮካዶ በዘንቢል ይልኩልኛል። ለቅጣት ይህን የመሰለ ቦታ የሚመርጥ አለቃ ከየት ይገኛል?

ማዕድዎ ጮማ እንዳያጣ፣ ቢላዎም እንዳይዶለዱም ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከበቂ ርቀት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ከብዙኃኑ የተለየው የቀድሞ ታዛዥዎ
ቢሻው
ዋጫ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት ተመርምሬ ኮሌስትሮሌ ወርዶ ተገኘ። ሐኪሙ ተገርሞ «ከምግቡ ሌላ ምን ቀየሩ?» ሲለኝ «አለቃ» አልኩት። ለሌሎችም ሕመምተኞች ሊያዝላቸው እያሰበ ነው።