ስድስት ባትሪ ድንጋይ ለአንድ ፎቶ

ሰኞ

ዋሸሁ። ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ፣ ያውም የነፍስ አባቴን።

እሳቸው መምሬ ጥበቡ ናቸው፤ ከታላቅ እህታቸው ጋር ፎቶ ሊነሡ መጡ። እህታቸው እማሆይ ወለተ ሥላሴ ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ቅዳሜ ወደ ገዳማቸው ይመለሳሉ፣ ከዚያ ወዲያ አይወጡም። አባ "አብረን የተነሣነው አንድም የለን" አሉኝ። እኔም "የላስታው አንደኛ ፎቶ አንሺ እጅ ላይ ወድቃችኋል!" ብዬ ፎከርኩ። ሌሎቹ ፎቶ አንሺዎች ቆመው ይሰማሉ። ካሜራውን ባነሣው ጭጭ። ባትሪው አልቋል።

ምን ላድርግ? በምላሴ "ቀጭ" አልኩ። አንዴም አይደል፣ አራቴ። "ትንሽ ወደ ግራ፣ እማሆይ" እያልኩ።

አባ "እስቲ አሳየን" ሲሉ "ታጥቦ ሲመጣ ነው የሚያምረው" አልኩ።

"ወጥቷል ግን?"

"ቅዱስ ላሊበላን! ወጥቷል።"

ባትሪው በምን እንዳለቀ ልጻፍ? ትናንት የማታ መሠረተ ትምህርት የጨረስኩበትን የምስክር ወረቀት ይዤ ራሴን ሳነሣ ዋልኩ። ቆሜ፣ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን እያነበብኩ፣ ለፎቶ የማነብ መስዬ። መብራት ደግሞ ከሄደ አራት ቀኑ።

ማክሰኞ

ጥፋቱ የባትሪው ነው። ጠዋት እንዲህ ፈረድኩ። መድኃኒቱ ግሪፕ ነው፤ ካሜራው ሥር ተገጥሞ ተጨማሪ ባትሪ የሚይዘው እጀታ። የስልክና የካሜራ ዕቃ የሚሸጠው ሰይድ ዘንድ ሄድኩ።

"ለየትኛው ካሜራ?" አለኝ።

ድሮ ቢሆን ካሜራዬን ዘርግቼ "ለዚህ" ነበር የምለው። ዛሬ ግንባሩ ላይ ያለውን ፊደልና ቁጥር ራሴ አነበብኩለት። የፈረንጁን ፊደል! ጮክ ብዬ!

"ወላሂ አልደነቆርኩም" አለ ሰይድ፣ "አዋጅ ነው እንዴ?"

ሁለት አወጣልኝ። አንዱ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ፤ ሁለት የካሜራ ባትሪ ይይዛል። ሲገጠም የጋዜጠኛ ካሜራ ይመስላል። ሌላው ያገለገለ ነው፣ ጥጉ የተላጠ፤ ግን ኪዮስክ ሁሉ የሚሸጠውን ቀጭን ባትሪ ድንጋይ ስድስት ይጎርሳል።

አዲሱን ገጥሜ መስታወት ፊት ቆምኩ። አምሮብኛል፣ ምን ይደረግ። "ላስብበት" ብዬ ስወጣ መንገድ ላይ አባን አገኘሁ።

"ታጠበልን?"

"በመታጠብ ላይ ነው፣ አባ።"

ይኸው ሁለተኛው ውሸት።

ረቡዕ

አንድ ገጽ ለሁለት ከፍዬ ጻፍኩ።

አዲሱ፦ ለእጅ ይመቻል። ካሜራውን አቁሞ ለማንሣት ሁለተኛ የማንሻ ቁልፍ አለው። ሌሎቹ በቅናት ያልቃሉ።

አሮጌው፦ አስቀያሚ። ክዳኑ ላላ ብሏል፣ በላስቲክ መታሰር አለበት።

ለአዲሱ አጨበጨብኩ። ከዚያ ግርጌው ላይ ጨመርኩ፦ መብራት የለም። አዲሱ የሚይዘው ሁለት ባዶ ባትሪ ነው። እማሆይ ቅዳሜ ይሄዳሉ።

ንባብ መከራ ነው። ድሮ የዋሸሁትን እረሳ ነበር። አሁን ጽፌው ተመልሼ አነበዋለሁ።

ሐሙስ

አሮጌውን ወሰድኩ። ሰይድ "አንተ? ይሄን? አሞሃል እንዴ?" አለኝ። ስድስቱን ድንጋይ ሲጎርስ ካሜራው በራ። ሱቁ በር ላይ እስክስታ መታሁ። "ቀጭ" ሲል ግን የሰኞው የምላሴ ትዝ አለኝ፤ ያ ሁሉ ደስታ ከላዬ ወረደ።

ነገሩ ቀላል ነው፣ አልኩ በልቤ። "ያኛው ደብዝዟል፣ እንደገና ላንሣችሁ" ማለት ብቻ። ሦስተኛ ውሸት፣ የተዋጣለት። እየተለማመድኩት ቤቴ ደረስኩ። ታዲያ የምናዘዘው ለአባ አይደለም እንዴ? እሳቸውን ዋሽቼ ለማን ልናዘዝ?

ዓርብ

ነገርኳቸው። ከቤታቸው ደጃፍ፣ ቁጭ በል ሳልባል። እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው መደብ ላይ ተቀምጠዋል።

"አባ፣ ሰኞ ካሜራው አልሠራም። በአፌ ነው ያነሣኋችሁ።" የምስክር ወረቀቱንም ነገር አወጣሁ።

 አባ "ታዲያ በጻድቁ በላሊበላ ስም ምን አስማለህ?" አሉ። 

"ያን ዕለት ሰምቼዋለሁ" አሉ እማሆይ። "ድምፁ ከአፉ ነበር። ዓይን ባይኖረኝ ጆሮ አለኝ።"

አባ ደነገጡ። "ለምን ዝም አሉ ታዲያ?"

"ጓደኞቹ ቆመው ነበራ። ልጁ ይፈር?" ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። "ደግሞ ትመጣለህ ብዬ ስጠብቅህ ነው የሰነበትኩ። ቅዳሜ ደረሰብኝ እንጂ።"

 ነገ በጠዋት ና ተባልኩ።

ቅዳሜ

እዚያው ደጅ አነሣኋቸው። ፎቶ አንሺዎቹ በላስቲክ የታሰረውን ግሪፕ አይተው "ካሜራህን ወጌሻ አሽቶት ነው?" ብለው ተንከተከቱ። የምመልሰው አልጠፋኝም። ዋጥኩት።

እማሆይ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። ቀጭ።

"አሁን ከእጁ ነው" አሉ ለአባ።

አራቴ ተጫንኩ፣ እንደዚያኛው ቀን። አባ አሳየን አላሉም። እህታቸውን በበትራቸው እየመሩ ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብለው "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ና። የመሐላው ነገር ገና ነው" አሉኝ። ስንት ስግደት እንደሚያዝዙብኝ እንጃ። ጉልበቴ እንኳ ጠንካራ ነው፤ በላስታ አን... ይቅር።

አራቱንም ከፍቼ አየሁ። በሦስቱ አባ ካሜራውን አፍጥጠው ያዩታል፣ አንዴ እንደተታለለ ሰው። በአራተኛው እኔን ረስተው ወደ እህታቸው ዞረዋል።

እሱን ነው የማሳጥበው።