ፕላስቲኩን ማን መረጠው?

ተክሌ ሆዴ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አላደክምህም፤ መልስ እንደማትሰጠኝ አውቃለሁ። በሁዳዴ ጾም መሀል ሄድክ፤ ይኸው ክረምቱም አልፎ የደብረ ብርሃን ውርጭ ደጁን ነጭ እያደረገው ማደር ጀምሯል። ቤቱ ደህና ነው። በጎቹ ወልደዋል፣ ጣሪያው ያው ያፈሳል፣ ልጃችን ብርድ ልብስ ፋብሪካው ገብታ እንዳንተ በፈረቃ ትሠራለች። እኔም ያው ነኝ፤ ሰው አላምንም። መርማሪዋ እያልክ ትስቅብኝ አልነበር? ይኸው ምርመራዬ ከወንድምህ ከአሰፋ ጋር አቆራርጦኝ ከረመ።

አምና በጥቅምት አዲስ አበባ ወስደንህ፣ ሐሞትህ መውረጃው ተዘግቶ ዓይንህ እርድ የመሰለ ጊዜ፣ ሐኪሙ መስመሩን የሚከፍት ቱቦ ይገባለታል ብሎ አሰፋን ለብቻው ጠራው። ያው እንደ ወጋችን ነው፤ በሽተኛ ክፉ አይሰማም፣ ሚስትም ትደነግጣለች። አሰፋ ሲወጣ ፊቱን ታጥቧል፤ ብርቱካንም ገዝቶ ሰጠኝ። አሰፋና ብርቱካን! ያኔውኑ ጠረጠርኩ። ዘወር ብዬ አንዷን ነርስ አፋጠጥኳት፤ ካንሰር መሆኑን፣ ኦፕሬሽንም እንደማይሆን ነገረችኝ። እንባዬን ዋጥ አድርጌ ተመለስኩና ብርቱካኑን ላጥኩልህ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ቱቦው ገባ፣ ዓይንህ ጠራ፣ ወደ ቤት ተመለስን። ኋላ ኦፕሬሽን ትደረጋለህ ተብለህ ነበርና፣ አንተም ከኦፕሬሽኑ በኋላ ጣሪያውን አድሳለሁ፣ ከኦፕሬሽኑ በኋላ አንኮበር ወርደን ዘመድ እንጠይቃለን ትል ጀመር። አይ የዋሁ፣ አታለሉት እኮ እል ነበር በሆዴ። እሺ እያልኩ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ያ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት መጣ፤ ዓይንህም ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ቱቦው ተደፍኗል አሉን። ለማስቀየር ስንሰናዳ አመለጥከኝ።

ከቀብርህ በኋላ ጎረቤታችን ዘነበች ለእህቷ የገባው የብረት ቱቦ እንደነበርና ላንተ እንደገባው ፕላስቲክ ቶሎ እንደማይደፈን አጫወተችኝ። ታዲያ ለተክሌ ለምን ፕላስቲክ? ሐኪሙ ዘንድ የገባው አሰፋ ነው፤ ለሚሞት ሰው ብረት ምን ያደርጋል ብሎ ፈርዶብሃል አልኩ። አሰፋ የሚለብሰው ካፖርትህም ትዝ አለኝ። ራስህ እንደሰጠኸው ነግረኸኝ ነበር፤ እኔ ግን ከሕያው ሰው ትከሻ ለምኖ የወሰደ ብዬ ቂም ይዤበታለሁ። በተዝካርህ ቀን፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው እየሰማ፣ ወንድምህን ገደልከው አልኩት። ጠላውን አስቀምጦ ወጣ።

ትናንት የነፍስ አባታችን ሊያስታርቁን ይዘውት መጡ። ጉዱን የሰማሁት ያኔ ነው። አንተ ለካ እዚያው ሆስፒታል እውነቱን ከአሰፋ አፍ አውጥተህ ሐኪሙን ራስህ አነጋግረኸዋል። ብረቱ እንደሚቆይ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኦፕሬሽን ለማይደረግለት እንደሚገባ፣ ኦፕሬሽን ለሚጠብቅ ፕላስቲኩም እንደሚሆን ነግሮሃል። አንተም ብርቄ ብረት ገባ ሲሏት ኦፕሬሽን እንደሌለ ጠይቃ ትደርስበታለች፣ ፕላስቲኩን አድርጉልኝና ተስፋ ታድርግ አልክ። አሰፋንም እንዳይነግረኝ አስማልከው።

መጀመሪያ አላመንኩትም። በሙት ማላከክ ምን ይከብዳል? ኋላ ግን ዓይኔ የለበሰው ካፖርት ላይ አረፈ። የሰጠኸው ኅዳር ሲገባ ነው። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚያውቅ፣ እድናለሁ የሚል ሰው በኅዳር ካፖርቱን አይሰጥም። ታውቅ ነበር።

አይ ተክሌ! እኔም እኮ አውቅ ነበር። ለእኔ ተስፋ ብለህ ያን ሁሉ ትኩሳት ተቀበልክ፤ እኔ ደግሞ ተስፋዬን ነርሷ ጋ ጥዬ ነበር የመጣሁት። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር አንተን ብቻ አምኜ ቀረሁ፤ ምናለ አንተስ አንድ ቀን ብትጠረጥረኝ? ብረቱን አስገብተህ ቢሆን ምናልባት በፋሲካ አብረን ጾም እንፈታ ነበር። ተናድጄብሃለሁ፤ ናፍቀኸኛልም።

አሰፋን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ካፖርቱም ይሙቀው። አንተን እስክከተልህ አልረሳህም። በየፋሲካው ጾም ስፈታ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ያንተ ናት ብዬ አሰፋን አጎርሰዋለሁ።

ያችው ብርቄህ፣ ሁሉን እያወቀች እሺ ስትልህ የነበረችው።